ጀንፈል የሚሸተው ሞንታርቦ

ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ከፀጉር ቤት እስከ ለቅሶ ድንኳን የሚጮኸው ሞንታርቦ፣ የአብዛኛው ሳጥን የተሠራው በአንድ ሰው በረንዳ ላይ ነው ቢባል ማን ያምናል? አናጢው ኢዮሲያስም ቢሆን ሃያ ዓመት ሙሉ ማንም እንዳያምን አድርጎ ነው የሠራው። ዋንዛውን በመላጊያ አለስልሶ፣ ጠርዝና ጠርዙን ትንፋሽ እንኳ እንዳያሾልክ አጋጥሞ፣ በኮላና በብሎን ካጠበቀው በኋላ ያን ሁሉ ድካም ጥቁር ቀለም ቀብቶ ይቀብረዋል። ደንበኛው ደግሞ በላዩ ላይ አንድ የባሕር ማዶ ስም ይለጥፍበታል። የዋንዛ መልክ ብቅ ካለ ገዢ ፊቱን ያዞራል። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንዲሉ፣ ደን ውስጥ ለሚኖር ሰው እንጨት ማገዶ ነው።

ይህን ለምዶታል። የሚያንገበግበው ሌላ ነገር ነበር። ከተማው ሁሉ ሲያሠራው፣ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያመልክበት አጥቢያ አንድም ቀን "እስቲ አንተ ሥራልን" ብሎት አያውቅም። ሚስቱ ምሕረት "ነቢይ በገዛ አገሩ አይከበርም" እያለች ልታጽናናው ትሞክራለች። እሱ ግን ነቢይነቱን አልፈለገውም። የፈለገው ስሙ አንድ ቀን፣ በዚያ ቤት፣ በወገኖቹ ፊት እንዲጠራ ብቻ ነው።

አምና መስከረም ላይ ጣሪያው ሲያፈስ የአጥቢያው ሁለት ሞንታርቦዎች ሳጥናቸው አብጦ ተላቀቀ። አዲሱ አዳራሽ ደግሞ በዚያው ዓመት ኅዳር መጨረሻ ላይ ሊመረቅ ነው። የሕንፃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሽ በዛብህ የቡና ነጋዴ ናቸው፤ አፍንጫቸው በአገሩ የታወቀ ነው። ጆንያ አስፈትተው አንድ ጊዜ ካሸተቱ የሸኮውን ከሸዋ ቤንቹ ይለያሉ። ስለ ድምፅ የሚያውቁት ነገር ባይኖርም የወሰኑት እሳቸው ናቸው። "ሳጥኑ የጀርመን ይሁን፣ አለቀ!" ብለው የድምፅ ባለሙያውን ፍሬአብን አዲስ አበባ ላኩት። ፍሬአብ ሳምንት ሙሉ ሱቅ ለሱቅ ዞሮ ከተላቀቁት ሳጥኖች ለተረፉት የድምፅ ማውጫዎች የሚገጥም ሳጥን አጣ። ከአውቶቡስ እንደ ወረደ ቀጥ ብሎ ወደ ኢዮሲያስ በረንዳ መጣ።

"ጋሼ፣ ይሥሩልን። ግን የእርስዎ ሥራ መሆኑን ሰው እንዳያውቅ።"

"እስከ መቼ?"

"በጆሮው እስኪሰማው ድረስ። ስምዎን አስቀድሞ ከሰማ ድምፁን አይሰማም፤ ሰዉን ያውቁት የለም? በምርቃቱ ቀን መዝሙሩ ሲያልቅ እኔ ራሴ ወጥቼ ስምዎን እጠራለሁ።"

ኢዮሲያስ እንጨት ፍለጋ ወጣ።

ችግሩ እንጨቱ ላይ መጣ። የተገኘው ዋንዛ እርጥብ ነው፤ እርጥብ ጣውላ ዛሬ ቀጥ ቢል ነገ ይጣመማል። ሚዛን ውስጥ ደግሞ ፀሐይ እንደ እንግዳ ናት፤ ብቅ ትልና ሳትቀመጥ ትሄዳለች። ኢዮሲያስ ከጓሮው አጥር ማዶ ተመለከተ። ጋሽ በዛብህ ጀንፈላቸውን፣ ከነገለፈቱ የሚደርቀውን ቡና፣ የሚያሰጡባቸው አልጋዎች ተደርድረዋል፤ ከሥራቸው ነፋስ ይመላለሳል፣ ሊዘንብ ሲል ሸራ ይለብሳሉ። ዘበኛውን ለመነና ጣውላዎቹን ከአልጋዎቹ ሥር ደረደራቸው። በአምስት ሳምንት ሳይጣመሙ ደረቁ። ያላሰበው ነገር ቢኖር፣ ከላይ የተሰጣው ቀይ እሸት ያን ሁሉ ጊዜ ጭማቂውን ሲያንጠባጥብባቸው መክረሙን ነው።

ቢላጋቸው መልኩ አልለቀቀም። እንጨቱ የበሰለ እሸት መስሎ ቀልቷል። በብርጭቆ ወረቀት ሲያሸው ደግሞ እንዲህ አምሮ የወጣ ዋንዛ በዕድሜው አላየም። "ቫርኒሽ ብቻ ልቀባው፣ እንዲህ እንዳለ ይሁን" ብሎ ለመነ። ፍሬአብ ግን ሊያለቅስ ምንም አልቀረው፦ "ጋሼ፣ ጥቁር! ጥቁር እንደሚቀቡት ይማሉልኝ!" ኢዮሲያስ ውጩን እየከፋው አጠቆረው። ውስጡን ግን ማን ያየዋል ብሎ እንዳማረበት ተወው። ፍሬአብም ከአሮጌው ሳጥን ላይ የጀርመኑን ታርጋ ነቅሎ በአዲሱ ላይ ቸነከረ።

የምርቃቱ እሑድ አዳራሹ ጢም አለ። ጋሽ በዛብህ ፊተኛው ወንበር ላይ፣ በግራው ሞንታርቦ አፍ ሥር ተሰየሙ። ሳጥኑ ከፊቱ መዳፍ የሚያስገባ ቀዳዳ አለው፤ ወፍራሙ ድምፅ በተመታ ቁጥር በዚያ በኩል አየር ይተፋል። መዘምራኑ ጀመሩ። ድምፁ እንደ ጥሩ ማር ጠርቶ ወረደ። ከኋላ የተቀመጡት አሮጊቶች ሳይቀሩ እያንዳንዱን ቃል ሰሙ። ኢዮሲያስ ከምሕረት አጠገብ ሆኖ መዝሙሩ እስኪያልቅ ትንፋሹን ቆጠረ።

መዝሙሩ ሲያልቅ ፍሬአብ ወረቀት ይዞ ተነሣ። ጋሽ በዛብህ ግን ቀድመውት ተነሥተው ነበር። አፍንጫቸውን ቀስረው ወደ ሞንታርቦው ሄዱ፣ ጎንበስ አሉ፣ ቀዳዳው ላይ አሸተቱ። ደግመው አሸተቱ። ኢዮሲያስ አንገቱን ቀበረ። አለቀ፣ አወቁት፤ የገዛ አልጋቸውን ቡና ሽታ ያጡታል እንዴ?

ጋሽ በዛብህ ማይኩን አነሡ።

"ይሄ ጀንፈል ነው! የሸኮ ጀንፈል!" አሉ። "ወገኖቼ፣ ቡናችን ጀርመን ድረስ ዘልቆ በፋብሪካቸው እንጨት ውስጥ ሰርጓል! የኛ ቡና ያልደረሰበት የት አለ?"

"ሃሌ ሉያ!" ሲባል ጣሪያው ተነቃነቀ። ፍሬአብ ወረቀቱን አጥፎ ተቀመጠ።

ምሕረት የባሏን ጎን በክርኗ ጎሸመችው፤ "ተነሥ እንጂ!" ኢዮሲያስ ሳያስበው ቆመ። ጋሽ በዛብህ አዩት።

"ወንድም ኢዮሲያስ! አንተ አናጢ አይደለህም እንዴ? ና እስቲ ወዲህ። ሰው እንዴት አድርጎ እንደሚሠራ እይና ተማር!"

ሄደ። የገዛ ሥራውን ከላይ እስከ ታች እንዲያይ ተደረገ። ማይኩን ሰጡት፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይበቃው ነበር። ግን ሰዉን ቀና ብሎ አየ፤ ሁሉም በድምፁ ረክቶ ተቀምጧል። ሕዝቡን ያውቀዋል። "እኔ ነኝ የሠራሁት" ባለ ቅጽበት ሞንታርቦው በሁሉም ጆሮ መንጫጫት ይጀምራል።

"የሠራው ሰው እጁ ይባረክ" አለ።

"አሜን!" አለ አዳራሹ በአንድ ድምፅ። የመረቀበት ቃልም ከራሱ ሳጥን ነፍስ በሚያርስ ጥራት ወጥቶ ነበር። ኢዮሲያስ ዕንባውን እየዋጠ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ምሕረት ግን እንደሱ ሆደ ሰፊ አይደለችም። ከበር ሳይወጡ ሞንታርቦው የባሏ ሥራ መሆኑን ለጎረቤቷ ለአስካለች ነገረቻት፤ ለአስካለች የተነገረ ነገር ደግሞ ከባጃጅ ቀድሞ ገበያ ይደርሳል።

በሳምንቱ እሑድ ያው መዝሙር፣ በዚያው ሞንታርቦ ተዘመረ። ሲያልቅ ጋሽ በዛብህ ጆሯቸውን በጣታቸው ፈተጉ።

"ዛሬስ ድምፁ ሻከር አላለባችሁም? ይሄ የቡና ሽታም በዛ፣ ያውካል።"

ከወዲህም ከወዲያም "እውነት ነው፣ ይንጫጫል" አሉ። ምሕረት በንዴት ቀላች። ኢዮሲያስ ግን ሳቁን በመጽሐፍ ቅዱሱ ሸፍኖ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

"ዝም በይ" አላት፤ "ስሜ ደርሷቸዋል።"