መርሳ ላይ ውሃ የሚጠብቅ ሬዲዮ

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከወልድያ መናኸሪያ ስነሳ በትከሻዬ ረጅም ቀርከሃ፣ በእጄ የፕላስቲክ ሣጥን ይዤ ነበር። የሚኒባሱ ረዳት ቀርከሃውን እንደ ተሳፋሪ ቆጥሮ ሊያስከፍለኝ ፈለገ። ተከራክሬ ጣሪያ ላይ በነጻ አስጫንኩት።

የምሄደው መርሳ፣ የአክስቴ ጎረቤት እትዬ ዘሃራ ዘንድ ነው። አስፋልቱ ዳር ሻይ ይሸጣሉ። የሽንኩርት ማሳቸው ግን ከማንጎዎቹ ጀርባ ስለሆነ ከሻይ ቤቱ አይታይም። የመስኖ ውሃ ደግሞ በተራ ነው፤ የላይኛው ሰው ሲጨርስ ይለቀዋል እንጂ ሰዓት የለውም። ሲደርስ ባለተራው ማሳው ላይ ከሌለ ወደ ቀጣዩ ያልፋል። ባለፈው አልፏቸዋል። ዛሬም ካለፋቸው ሽንኩርቱ አለቀለት።

እኔ የዲጂታል ኤሌክትሮኒክስ አስተማሪ ነኝ። ሎጂክ ጌት የሚባለው ትንሽ የኤሌክትሪክ ዑደት ሥራው «አዎ» ወይም «አይደለም» ማለት ነው፤ ሬዲዮ ያሰራጫል ብሎ የሚጠብቅ የለም። ፈጣኑን ዓይነት መርጦ ለሚያውቅበት ግን ያሰራጫል! በአንዲት ቺፕ ውስጥ ስድስት ጌቶች አሉ። አንዱ ንዝረቱን እንዲፈጥር፣ አምስቱ ጎን ለጎን ተገናኝተው ለአንቴናው ጉልበት እንዲሰጡ አደረግኩ። አንዱ ብቻውን አቅም የለውም፤ አምስቱ ተባብረው ከማሳው እስከ ሻይ ቤቱ ይደርሳሉ። ሞገዳቸው ሌላ ጣቢያ እንዳይረብሽ በመዳብ ጥቅልሎች አጣራሁት። ምን ልደብቅ፣ ኮርቼ ነበር። መንገድ ላይ፣ ሲሪንቃ ሰው ሲወርድና ሲወጣ እንኳን ሣጥኑን ከጉልበቴ አላነሳሁም።

ረፋድ፣ ማሳው ላይ

እትዬ ዘሃራ በሰላምታ አጥለቀለቁኝና ወደ ቦዩ ወሰዱኝ። ቀርከሃውን ተከልኩ፣ አንቴናውን አሰርኩ፣ ውሃ ሲያነሳው ማሰራጫውን የሚያበራውን ተንሳፋፊ ቦዩ ውስጥ አስቀመጥኩ። ሐሳቤን አስረዳኋቸው፦ ሻይ ቤት ያለው ሬዲዮ ጣቢያ የሌለበት ቦታ ላይ ተከፍቶ ሲንሿሿ ይውላል፤ ውሃ ሲመጣ የእኔ ማሰራጫ ይበራና ድምፅ የሌለው ሞገዱ ሹሹታውን ውጦት ሬዲዮው ጭጭ ይላል።

«ማለፊያ ነው» አሉ። «ባትሪው ቢሞትስ ልጄ?»

«ያው ሲንሿሿ ይቀጥላላ።»

«ታዲያ እኔ ውሃ አልመጣም ብዬ ቁጭ ልል ነዋ! ገልብጠው። ቦዩ ደረቅ ሳለ ይሥራ፤ ውሃ ሲመጣ ይጥፋና ሬዲዮው ይጩኽ። ቢበላሽም ይጮኻል። ደግሞስ ቀን ሙሉ ሲንሿሿበት ማን ሻይ ይጠጣል?»

ፊቴ ጋለ። አፈርኩ። ስንት ተማሪ በጥያቄ ያፋጠጥኩ ሰው ሣጥኑን መልሼ ከፈትኩ። ለመገልበጥ ደግሞ ሁለት ሽቦ ማዛወር ብቻ በቃኝ። አሁን ቀን ሙሉ ብትሠራም ቺፗ የምትበላው ኃይል ትንሽ ስለሆነ ያመጣኋት የሶላር ሰሌዳ ትበቃታለች።

ዘጠኝ ሰዓት፣ ሻይ ቤት

ሬዲዮው ጸጥ ብሎ ዋለ። ድንገት ሲንሿሿ እትዬ ዘሃራ የጀመሩትን ብርጭቆ ሳይሞሉ አካፋቸውን ይዘው ሮጡ። ሻዩን የቀዳሁት እኔ ነኝ፤ ደንበኞቹም ስኳር አበዛህ እያሉ ሳቁብኝ። ሲመለሱ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነበሩ። ማሳው ጠጥቷል። እኔም ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።

ማታ ወልድያ ገባሁ። በሳምንቱ እትዬ ዘሃራ ደወሉ። ፍየል ሽቦውን በጥሳው ሬዲዮው ጮኾ፣ በከንቱ ሮጠው ደረቅ ቦይ አገኙ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት አቋረጡኝ።

«ምን ያስጨንቅሃል? በመጀመሪያው ያንተ ሐሳብ ቢሆን ኖሮ ሽቦው መበጠሱን ሳላውቅ ሻይ ስቀዳ ቀጣዩ ውሃ ያልፈኝ ነበር» አሉና ሽቦ ይዤ እንድመጣ አዘዙኝ።

እኔ አምስቱ ጌቶች እንዲበረቱ ነበር የለፋሁት። ሲሞቱ ምን እንደሚሆን ያሰቡት ግን እትዬ ዘሃራ ናቸው።