ጠፋ የተባለው ዱላ

ትናንት እንጅባራ አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ ወረፋ ይዤ ሳለ፣ እየተቆጣ የወጣ ጎረምሳ ዱላውን ጠየቀ። ጥበቃው "የት እንዳስቀመጥኩት ጠፋኝ፤ እስቲ ትንሽ ታገሠኝ" አለው። ይህችን አነጋገር በስምንት ዓመቴ ሰምቻታለሁ።

አባቴ ዳንግላ የፍርድ ቤት ዘበኛ ነበር። ባለጉዳይ ሁሉ ዱላውን በር ላይ አስረክቦት ይገባል፤ ሲወጣ አባቴ ምንም ሳይጠይቅ ለየባለቤቱ ያቀብላል። አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም።

አንድ ቀን ምሳ ይዤለት ስሄድ በድንበር የሚካሰሱ ሁለት ጎረቤታሞች ከችሎት ወጡ። የረታው ዱላውን ተቀብሎ መንገዱን ጀመረ። የተረታው ፊቱ ጠቁሮ እጁን ዘረጋ።

"ጠፋኝ ወንድሜ፤ ትንሽ ታገሠኝ" አለው አባቴ።

ዱላው ከአግዳሚው ስር ይታየኛል። አባቴ አረጀ፣ ከሥራው ሊያባርሩት ነው ብዬ ደነገጥኩ።

"አባዬ፣ ያውና እኮ" አልኩት።

"እሱ የሌላ ሰው ነው" አለኝ፣ በጫማው ወደ ውስጥ ገፋ እያደረገው። ከዚያ ወደ ሰውየው ዞሮ "እስኪገኝ አብረን ምሳ እንቅመስ" አለ።

ሰውየው እምቢ ብሎ ብሎ ተቀመጠ። የምስር ወጡ ሲያልቅ የረታው ሰው ከዓይን ርቋል። ያኔ አባቴ ጎንበስ ብሎ ዱላውን አወጣ።

"ለካ እዚሁ ኖሯል።"

ሰውየው ዱላውንና አባቴን ተራ በተራ አይቶ "እግዜር ይስጥልኝ፤ ልጆቼን አሰብክልኝ" አለ። ዱላና ልጆች ምን እንዳገናኛቸው አልገባኝም። አባቴ እንዳላረጀ ግን አወቅሁ፤ እፎይ አልኩ።

ትናንት የጎረምሳው ዱላ ከበሩ ጀርባ ተደግፎ ቆሟል። ጥበቃው እንዳየሁት አውቆ ዓይን ዓይኔን አየኝ። እኔም ፊቴን ወደ መንገዱ አዙሬ ባጃጅ መቁጠር ጀመርኩ።