የሮማ ሴናተር በእናቴ ነጠላ

እርጥብ ጥጥ በካውያ ሲተኮስ የሚወጣው ሽታ እስከ ዛሬ ሆዴን ያባባዋል። ምን ላድርግ ብለህ ነው!

በሰው አገር፣ ሮምሶስ በሚባል ሰፈር እንኖር ነበር፣ ሞባይል ሁሉ ገና ቁልፍ በነበረው ጊዜ። ስምንተኛ ክፍል ነኝ። መምህራችን ስለ ሮማ አስተምራን ስታበቃ የሴኔቱን ክርክር በቴአትር እንድናሳይ አዘዘችን፤ ጦርነት ይታወጅ ወይስ አይታወጅ? እኔ ጦርነቱን የምቃወም ሴናተር ሆንኩ። የሮማ ሹማምንት ዳሩ ወይን ጠጅ የሆነ ነጭ ልብስ ያጣፉ እንደነበር ለእናቴ ስነግራት፣ "ታዲያ ነጠላ ነዋ!" ብላ ሳቀች። ምርጡን ነጠላዋን አውጥታ ተኮሰችልኝ።

እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም። በዚያው ሰሞን ከአዲስ አበባ የተደወለውን ስልክ ያነሳሁት እኔ ነበርኩ። እናቴን እንደ አባት ያሳደጋት፣ ጋሼ የምትለው፣ ታሞ የከረመው ታላቅ ወንድሟ አርፎ ነበር። አባቴ ክንዴን ይዞ፣ "እሁድ ጠዋት ሰው ተሰብስቦ መርዶ እስኪነግራት ትንፍሽ እንዳትዪ፤ ብቻዋን ከሰማች ምን እንደምትሆን አይታወቅም" አለኝ።

የቴአትሩ ዕለት መስታወት ፊት ቆሜ መጽሐፉን እያየሁ ለበስኩ። ስዕሉ ላይ ዳሩ አንገት ሥር ስለሚታይ ጥለቱን ወደ ላይ ገለበጥኩት። እናቴ በሩ ላይ ድርቅ አለች።

"በስመ አብ! ምነው አዘቀዘቅሽው? ማን ሞቶብሽ ነው?"

እኛ ዘንድ ጥለት ወደ ላይ የሚዞረው ለሐዘን መሆኑን ያኔ የት አውቄው! "ናይ፣ አይደለም እማ፣ ሮማውያን እኮ..." ብዬ ጀመርኩ፤ አልቻልኩም፣ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

ጠጋ አለችኝ። "ጋሼ ነው፣ አይደል?"

ፊቴን በመዳፏ ጠረገችልኝ። "ሂጂ፣ ይረፍድብሻል። ማወቄን ለአባትሽ እንዳትነግሪው፣ ይቆጣሻል።"

እኔ ስለሚሞቱት ወታደሮች ስለፈልፍ መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጣ አጨበጨበችልኝ። በድምፅ ተሸነፍን፤ ጦርነቱ ታወጀ፤ ልጆቹ የካርቶን ጋሻቸውን እየደበደቡ ጨፈሩ። እሷ ከዚያ በቀጥታ ወደ ሴንትሩም፣ ወደ መሃል ከተማው፣ ቢሮ ልታጸዳ ሄደች።

እሁድ ጠዋት ሽማግሌዎቹ ሊንደበርግ ከሚባለው ሰፈር መጡ። በሩን ራሷ ከፈተች። "ምነው፣ በደህና?" አለቻቸው። አንዱ አዛውንት ጉሮሯቸውን ጠርገው ነገሯት። አፍና የያዘችው ጩኸት ያኔ ወጣ፤ ቤቱ ተናወጠ። አባቴ ትከሻዋን ደግፎ፣ "ብቻሽን እንዳትሰሚ ብለን ነው የደበቅንሽ" አላት።

"አበጃችሁ" አለች በሲቃ፣ እጄን አጥብቃ እንደያዘች። "እናንተ ባትነግሩኝ ከማን እሰማ ነበር?"