ከመቀሱ በፊት የሚባለው

ሞጣ፣ ጋሼ ይማም ቤት ስፌት ልማር የገባሁ ቀን መቀስ አልነካሁም። የከሰል ካውያ አመድ ስደፋና ከወለል ላይ ክር ስለቅም ዋልሁ። ዕድሜዬ ሃያ ስድስት ነበር፤ ሚስትና ገና የምትድህ ሴት ልጅ ነበረኝ። ቀድመውኝ የገቡት ሁለቱ ሰፊዎች በዕድሜ ያንሱኝ ነበር። አፈርሁ፣ ግን የታዘዝሁትን ሠራሁ።

ከሰዓት በኋላ አንድ ገበሬ ካኪ ጨርቅ በብብቱ ይዞ መጣ። ኮት እንዲሰፋለት ፈለገ። ጋሼ ይማም ለኩት፤ ጨርቁን ዘርግተው በጠመኔ አሰመሩበት፤ መቀሱን አነሡና መልሰው አስቀመጡት።

“ኮት ከሆነ ለልጆችህ ሁለት ቁምጣ ይወጣው የነበረው ቀረ። በል እንግዲህ።”

“ምን ልበል?”

“‘ሁለቱን ቁምጣ ትቻለሁ’ በል።”

“ኧረ ጋሼ ይማም! ልብስ ላሰፋ መጣሁ እንጂ ንስሐ ልገባ መጣሁ እንዴ?”

“እኔ እስላም ነኝ፤ ንስሐ አልሰጥም። በል፤ አለዚያ መቀሱ አይነሣም።”

ሰፊዎቹ ሳቁ። ሰውየው “ሁለቱን…” ብሎ ጀመረና ቆመ። ጨርቁን በእጁ ዳሰሰው። “ይተዉት፤ ቁምጣ ያድርጉት” አለ።

ማታ ስንዘጋ ለምን እንደዚያ እንደሚያደርጉ ጠየቅኋቸው። “የተቆረጠ ጨርቅ አይመለስም” አሉ። “ሰው የሚያገኘውን ብቻ እያየ ይመጣል፤ በሳምንቱ ደግሞ የቀረበትን ያይና ሊጣላኝ ይመለሳል። በገዛ አፉ ከተናገረ አይጣላኝም። የሚናገረውም የጨርቁ ባለቤት ነው፤ ሰፊ አይናገርለትም።”

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ሥራ ባልነበረበት ከሰዓት የአንድ ጎረቤት የተቀደደ በርኖስ ጠቀምሁ። “ምን ወሰደብህ?” አሉኝ። “ምንም፤ በነጻ ነው፤ ከመቀመጥ ይሻላል ብየ ነው” አልሁ። “ኮሌታ መግጠም አሳየኝ ስትለኝ የሰነበትህ አንተ አይደለህም? ዛሬ ላሳይህ ነበር። ‘በነጻ’ አትበል፤ አንድ ኮሌታ ወስዶብሃል” አሉኝ። ተናደድሁ። ኮሌታውን ያሳዩኝ ከወር በኋላ ነው።

አራት ዓመት ከሠራሁ በኋላ የራሴን የስፌት መኪና ይዤ ቢቸና ገባሁ፤ በአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀመጥሁ። የጋሼ ይማምን ልማድ ይዤ ሄድሁ። ደንበኛ ሁሉ የሚተወውን ሳይናገር አልቆርጥም ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ከሳቸው ይልቅ እኔ አበዛሁት። ሰው ልብስ ሊያሰፋ መጥቶ ተግሣጽ ሰምቶ ይሄድ ነበር። ፊደል ከቄስ፣ ሒሳብ ከሜትር ላይ ብቻዬን የተማርሁ ሰው ስለሆንሁ፣ ያወቅሁትን ሁሉ ለሌላው ማስተማር ያለብኝ ይመስለኝ ነበር።

ልጄ የሺ አደገች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ የቁልፍ ቀዳዳ ዙሪያ በእጅ ትሰፋልኝ ነበር። በቢቸና እንደሷ አድርጎ የሚሰፋ አልነበረም። የስምንተኛ ክፍልን ፈተና አለፈች። ዘጠነኛ ደብረ ማርቆስ ነበር፤ የእናቷ እኅት ማደሪያ ሰጥተዋት ነበርና ቤት አላሳሰበንም።

በዚያው ሰሞን የዘበኞች ልብስ ትእዛዝ መጣ። እንዲህ ያለ ሥራ ደርሶኝ አያውቅም። የካኪው ጥቅል ግድግዳውን ሸፈነው፤ በእያንዳንዱ ኮት ላይ ስድስት የቁልፍ ቀዳዳ፣ በየኪሱ ደግሞ አንዳንድ። ያለ የሺ እጅ የሚደርስ አልመሰለኝም።

የየሺ አስተማሪ መምህር ጌታሁን ከሐረር ተመድቦ የመጣ ወጣት ነበር። በረንዳው ድረስ መጣ።

“ጋሽ ሞላ፣ ምዝገባው ሊዘጋ አራት ቀን ቀረው።”

“የሚመጣው ዓመት ትሄዳለች። አንድ ዓመት እቤቷ ብትቀመጥ ምን ይጎድልባታል?”

“ይህን እርስዎ ይሉታል?”

“አንተ ገና ልጅ ነህ። ትእዛዝ ምን እንደሆነ አታውቅም።”

ባለቤቴ ጥሩወርቅ ከውስጥ ሰማችን። “አገሩን ሁሉ የሚያስብሉትን እርስዎ አይሉም?” አለችኝ።

“እላለሁ!” አልሁ፤ ተቆጥቼ። “አንድ ዓመት ትምህርት ትቻለሁ። ይኸው አልሁ።”

የሺ ከጎኔ ነበረች። ቀና አላለችም፤ መርፌዋ ብቻ ቆመ፣ ከዚያ ቀጠለ።

እነዚያን አራት ቀናት መቀመጥ አልቻልሁም። አንዱን ኮሌታ ሦስት ጊዜ ፈትቼ ሰፋሁት። እስከ ገበያው ጫፍ እሄዳለሁ፣ ምን ልገዛ እንደወጣሁ ይጠፋብኛል፣ እመለሳለሁ። መኪናውን ስረግጥ ክር ይበጠሳል። ምዝገባው በተዘጋ ቀን ይለቀኛል ብየ ነበር፤ ባሰብኝ። ትእዛዙን በጊዜው አስረከብሁ፤ አለቃቸው የቁልፉን ቀዳዳ አይቶ “እጅህ ይባረክ” አለኝ። የኔ እጅ አልነበረም።

ዓመቱ ሲዞር በጭነት መኪና ላይ ተሳፍሬ ራሴ ደብረ ማርቆስ ሄድሁ። አክስቷ ደጃፍ ላይ ተቀበሉኝ።

“ሞላ፣ ዘገየህ” አሉኝ። “የወንድሜን ልጅ አስገብቻለሁ። አልጋዬ አንድ ነው። ልጅቱን ላውጣት?”

“አያውጧት” አልሁ። ሌላ ቤት ፍለጋ ሦስት ቀን ከተማውን ዞርሁ። ሴት ልጄን የማላውቀው ሰው ዘንድ አላስቀምጥም ብየ ተመለስሁ። በዓመቱም ሌላ ምክንያት አገኘሁ። የሺ ዘጠነኛን አልገባችም።

ሞጣ ተዳረች፤ እዚያ የራሷን የስፌት መኪና አቆመች። ደንበኛዋ ብዙ ነው። አንድ ቀን ልጠይቃት ሄጄ ስትሠራ ብዙ ሰዓት አየኋት፤ ከዚያ ያንን ነገር አነሣሁ።

“ብትማሪ ኖሮ ምን ትሆኚ ነበር?”

ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። “አላውቅም፣ አባየ። የቀረብኝ እሱ ነው እኮ።”

“ተቀይመሽኛል?”

“ያኔ እኔን ቢጠይቁኝ ኖሮ እቀመጣለሁ እል ነበር። ሥራው ብዙ እንደነበር አይቻለሁ። ግን አልጠየቁኝም።”

በማግስቱ ወደ ቢቸና ተነሣሁ፤ መንገዱን ሁሉ ያለ ዕረፍት ሄድሁ።

ስሕተቴን ያወቅሁት ያኔ ነው። የሚቀረውን ተናግሬዋለሁ፤ ግን ዓመቱ የኔ አልነበረም። የዓመቱ ባለቤት ከጎኔ ተቀምጣ እኔ ተናገርሁላት።

ዛሬ መቀስ ለያዛችሁም፣ ልጅ ለምታሳድጉም የምለው ይህ ነው። አንድ ነገር ስትመርጡ የምትተዉትን በስሙ ጥሩት፤ “ምንም አይጎድልም” አትበሉ፤ ይጎድላል። የሚጎድልበት ሌላ ሰው ከሆነ እሱን ጠይቁት፤ እስኪመልስም ጠብቁ።