ቨርሊን የቆመችባቸው ቅዳሜዎች

ቨርሊን ቱማ በከተማችን ሃያ ስድስት ዓመት የተማሪ አውቶቡስ ነድታለች። የከተማው ሰው ግማሹ ልጅ ሳለ በእሷ አውቶቡስ ተመላልሷል፤ ዛሬ ፂም ያበቀለው ሁሉ መንገድ ላይ ሲያገኛት ሳይታወቀው ቀጥ ብሎ ይቆማል። ባሏ ከሞተ ወዲህ ለራሷ የምትኖረው በዓመት ሰባት ቅዳሜ ብቻ ነበር፤ ኳስ በእጅ ታቅፎ የሚሮጠው የዩኒቨርሲቲያችን የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን በሜዳው የሚጫወትባቸው ቅዳሜዎች።

እኔ ኤልዶን እባላለሁ። ዕድሜዬን ፖስታ ሳድል ኖሬ ጡረታ ስወጣ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ወደ ስታዲየሙ ከምትልካቸው አስተናባሪዎች አንዱ ሆንኩ። ቢጫ ጃኬት ለብሼ በምዕራብ በኩል ደረጃው ላይ እቆማለሁ፤ ትኬት አያለሁ፣ ሽማግሌ እደግፋለሁ፣ የሰከረ አስወጣለሁ። የቨርሊን ቦታ ረድፍ ሠላሳ ስምንት ላይ፣ ከደረጃው ሦስተኛዋ ነበረች። ከዚያ ረድፍ ኋላ ሌላ አግዳሚ የለም፤ ትንሽ ከፍ ያለ የሲሚንቶ መድረክ አለ። በዊልቸር የሚመጡ ተመልካቾች ከነአጃቢዎቻቸው የሚቀመጡት እዚያ ነው።

ቨርሊን ጨዋታ የምታየው ቆማ ነበር። እንግዳው ቡድን ኳስ ይዞ ወደ ፊት ለመግፋት ከሚሰጡት አራት ሙከራዎች ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ተነስቶ መጮህ በእኛ ዘንድ እንደ ግዴታ ነው። እሷ ግን ለመጀመሪያውም፣ ለሁለተኛውም፣ ለዕረፍቱም ጭምር ትቆም ነበር። ረጅም ናት፣ ትከሻዋ ሰፊ፤ በዚያ ላይ ጆሮ የሚሸፍን ትልቅ የአዳኝ ኮፍያ ታደርጋለች። «ትንሽ አረፍ በዪ» ሲሏት «ሳምንቱን ሙሉ መሪ ይዤ ተቀምጬ እውላለሁ፤ ቅዳሜም ልቀመጥ?» ብላ ታስቃቸዋለች።

ሌላንድ ቮንድራና ሚስቱ ማርሲ ከመድረኩ ደንበኞች ነበሩ። ሌላንድ ገበሬ ነው፤ ከእህል ጎተራ አናት ላይ ወድቆ ወገቡ ከተሰበረ በኋላ እግሩ አልታዘዘለትም። ለእያንዳንዱ ጨዋታ ሁለት ሰዓት ነድተው ይመጣሉ። ማርሲ ከጨዋታው መጀመሪያ እስከ መጨረሻ አፏ አያርፍም ነበር። «ለሃያ ሁለት ቁጥር ሰጠው... በግራ ዞረ... ኧረ ያዙት! አምስት ያርድ ብቻ» እያለች ሁሉን ነገር ትዘረዝራለች።

በሦስተኛው ዓመታቸው፣ በጥቅምት ወር፣ ቡድናችን ክፉኛ እየተሸነፈ ነበር። ቨርሊን ጠራችኝ።

«ኤልዶን፣ ይቺን ሴትዮ ዝም አታሰኛትም? ሬዲዮ ብፈልግ ቤቴ እቀር አልነበር!»

እኔ መልስ ሳልሰጣት ወደ ኋላ ዞረችና በዚያ አውቶቡስ ሙሉ ሕፃን ጸጥ በሚያሰኝ ድምፅዋ «እመቤቴ፣ ሁላችንም እኮ ዓይን አለን!» አለች።

ረድፉ በሙሉ ሳቀ። እኔም መድረኩ ላይ ወጥቼ ማርሲን «ቅሬታ ስላለ ድምፅዎን ትንሽ ዝቅ ቢያደርጉልን» አልኳት። ማርሲ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ የቨርሊንን ጀርባ፣ ከዚያ መልሳ እኔን አየች።

ያ አስተያየት ምን እንደሚል ገብቶኛል። እዚህ ላይ ልሸሽ አልችልም። እኔ የምቆምበት ቦታ ፊቴን ወደ ተመልካቹ የሚያዞር ነው፤ ረድፍ ሠላሳ ስምንት ሲነሳ መድረኩ ላይ ያሉት ሰዎች ፊት ላይ ጥላ ሲወርድ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ አይቻለሁ። ማርሲ ትለፈልፍ የነበረው ባሏ ሰው ጀርባ ከማየት በቀር ምንም ስለማያይ ነበር። እኔ ግን «መድረኩን የሠራሁት እኔ አይደለሁም፤ የቢሮው ጉዳይ ነው» እያልኩ ራሴን አባበልኩ። ከዚያ ቀን ወዲያ ማርሲ ዝም አለች፤ ሌላንድም ጆሮው ላይ ሬዲዮ ሰክቶ መምጣት ጀመረ።

ሁለት ዓመት አለፈ። በኅዳር፣ ነፋሱ ባንዲራዎቹን በሚገርፍበት አንድ ቅዳሜ፣ ቨርሊን ኮፍያዋን አውልቃ እያወዛወዘች ስትጮህ ነፋሱ ከእጇ ነጠቃት። ኮፍያው መድረኩ ላይ በርሮ ሄዶ በሌላንድ ዊልቸር ሥር ገባ። እሷም ደረጃውን ወጥታ፣ «ይቅርታ፣ አንዴ» ብላ ተንበረከከችና እጇን ከጎማው ሥር ሰደደች።

በዚያው ቅጽበት የእኛ ቡድን ልጅ ኳሱን ቀምቶ ሮጠ። ስታዲየሙ በአንድ ድምፅ ተነሳ። ቨርሊን ተንበርክካ ቀና ስትል የታያት ጃኬት ነው፤ የጃኬት ግድግዳ። በግድግዳው መካከል ግን አንዲት ክፍተት ነበረች፤ በእሷ ልክ የተቆረጠች የምትመስል። በዚያች ክፍተት አረንጓዴው ሜዳ ይታያል፤ ልጁም በዚያ በኩል ሲሮጥ ታየ፤ የመጨረሻውን መስመር አለፈ።

«አየሁት!» አለ ሌላንድ የዊልቸሩን ክንድ እየደበደበ። «ማርሲ፣ አየሁት! ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው! ያቺ ግንድ የምታክል ሴትዮ ዛሬ የት ሄደችልን?»

«እዚሁ ናት» አለች ማርሲ።

ሌላንድ ወደ ታች አየ። ጆሮው ድረስ ቀላ። «ውይ፣ ይቅርታ እመቤቴ» አለ። «ክፉ ማለቴ አልነበረም። በእውነት ይቅርታ።»

እሱ እሷን ይቅርታ ጠየቀ። ቨርሊን ከሁሉም ያ ነው የገደላት። ኮፍያዋን ሳታነሳ ወረደች።

ሳፈላልግ ያገኘኋት ከመቀመጫዎቹ ሥር ባለው መተላለፊያ፣ ቺሊ የሚባለው ትኩስ የባቄላ ወጥ ከሚሸጥበት ሰልፍ ጀርባ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነው።

«ስንት ዓመታቸው ነው ከመጡ?»

«አምስት።»

«አምስት ዓመት!» ግንባሯን ሲሚንቶው ላይ አሳረፈች። «ዓይን አለን አልኳት እኮ። ኤልዶን፣ ሁላችንም ዓይን አለን ነው ያልኳት።»

«አላወቅሽም» አልኳት።

«አዎ፣ አላወቅኩም» አለች፤ ቃሉን እንደ ምርኩዝ ያዘችው። እኔ እንደማውቅ መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። ቺሊ ገዝቼላት ወደ ቦታዬ ተመለስኩ።

በሚቀጥለው ጨዋታ ቨርሊን መጥታ ተቀመጠች። ሦስተኛው ሙከራ ደረሰ፤ ሁሉም ተነሳ፤ እሷ ቁጭ አለች። አጠገቧ የሚቀመጠው የመድን ሠራተኛው ዴል ካስፓር ጎንበስ ብሎ አያት።

«ምን ሆንሽ ቨርሊን፣ ታመምሽ እንዴ?»

«ደህና ነኝ። አንተም ተቀመጥ፤ ኋላ ያሉ ሰዎች አያዩም።»

ዴል በሳቅ ፈረሰ። «ሰማችሁ? አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንደ ስልክ እንጨት ተገትራ ኖራ፣ ዛሬ እኛን ተቀመጡ ትለናለች! አውቶቡስሽ ላይ መሰለሽ እንዴ?»

ሰው ሳቀ። እውነቱን ነው። ያን ጨዋታ እስኪያልቅ የሰው ወገብ ስታይ ዋለች።

በዕረፍቱ ሰዓት መድረኩ ላይ ወጣች። ሌላንድ ወደ መጸዳጃ ሄዶ ነበር። ኮፍያው ማርሲ ጉልበት ላይ፣ በደንብ ታጥፎ ተቀምጧል።

«የመጣሁት ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው» አለች ቨርሊን። «መቆሜ እንደሚከልለው አላወቅኩም ነበር።»

ማርሲ ኮፍያውን ዘረጋችላት። «ስለ መቆሙ ተዪው። ሰው ይቆማል፤ ጨዋታ ነው። እኔን ዝም ማሰኘትሽ ነው የማይዋጥልኝ። ስነግረው ደስ ይለው ነበር። በእኔ አፍ ነበር የሚያየው። ሬዲዮው ታውቂያለሽ እንዴት ነው? ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ሰው ጮሆ ከጨረሰ በኋላ ነው ለምን እንደተጮኸ የሚነግረው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ሲያበቃ እሱ ብቻውን ያጨበጭባል።»

«ይቅር በዪኝ።»

«ሌላንድ ይቅር ብሎሻል፤ ያለፈው ቅዳሜ መኪና ውስጥ ሳንገባ ነው የረሳው። እኔ እንደሱ አይደለሁም። ጊዜ ስጪኝ።»

ቨርሊን ከዚህ በላይ አልለመነችም። በዚያ የበረዶ ወራት ለስታዲየሙ ቢሮ ደብዳቤ ጻፈች፤ መልስ ሲጠፋ ሌላ ጻፈች፤ ሜትር ይዛ ገብታ የመድረኩንና የረድፉን ከፍታ ለክታ ሦስተኛ ጻፈች። በመጋቢት ሠራተኞች መጥተው መድረኩን ወደ አንድ ሜትር ግድም ከፍ አደረጉት። የከተማችን ጋዜጣ ወሬውን ሰምቶ ፎቶዋን ሊያነሳ ቢመጣ በሩን አልከፈተችም። «ምን ብዬ ልናገር? የከለልኩትን ገለጥኩ ልበል?» አለችኝ በኋላ። የረድፍ ሠላሳ ስምንት ቦታዋንም መልሳ፣ በሰሜን በኩል የመጨረሻዋን ረድፍ ወሰደች፤ ከኋላዋ ግድግዳ እንጂ ሰው የለም። የከተማው ሰው ያደረገችውን ደግነት ብሎ ጠራው። እሷ ግን ስሟ በደግነት ሲነሳ አንገቷን ትደፋለች።

ይህን ሁሉ ቆሜ ሳይ ከረምኩ። ነሐሴ ላይ አውቶቡሶቹ ወደሚቆሙበት ግቢ ሄድኩ። ትምህርት ሊከፈት ስለነበር መስኮት ታጥባለች።

«ቨርሊን፣ እኔ አውቅ ነበር» አልኳት።

«ምኑን?»

«እንደማያይ። ስትቆሚ እንደሚከለል።»

ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ነከረች፣ ጨመቀች። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ዓመት።»

«ታዲያ እሷን ዝም በዪ ያልካት...»

«አዎ፣ እያወቅኩ ነው።»

ወደ መስኮቱ ዞራ መወልወሏን ቀጠለች። ከዚያ ሳታየኝ «እኔ እንኳ ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር» አለች። «ያንተ ግን ፊትህ ወደነሱ ነበር።»

ወደ መኪናዬ ተመለስኩ። ሚስቴ «አስተናባሪነቱን ተወውና ዕረፍ» ብትለኝም አልተውኩትም፤ መተው መሸሽ መሰለኝ።

በመስከረም የመጀመሪያው ጨዋታ ቀን መድረኩ ላይ ወጣሁ። በልቤ ያጠናሁት የይቅርታ ንግግር ነበረኝ። ሌላንድ አንገቱን አስግጎ ሜዳው ላይ አፍጥጧል፤ ማርሲ አጠገቡ ናት። ሰው ሁሉ ቆሟል፤ እሱ ግን ከራሳቸው በላይ አሻግሮ ያያል።

«አቶ ሌላንድ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት...»

እጁን አነሳ። «ቆይ፣ ቆይ ወንድሜ፣ ይሄ ይለፍ!»

ከፊቱ ዞር ብዬ በጎን በኩል ግድግዳውን ተጠግቼ ጠበቅሁ።