ከዳጉ የጎደለው ወሬ

ይገዙ ከሰመራ ወደ አዋሽ በተመለሰ ቁጥር፣ አውቶቡስ ተራው ዳር ካለችው የኒም ዛፍ ሥር የሚጠብቀው ሰው ነበረው። ያዮ ይባላል። ሁለቱም በአንድ ድርጅት የአዋሽ ቅርንጫፍ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል፣ አንድ ቬንትሌተር እየተካፈሉ የሠራተኛ ጉዳይ ይሠራሉ። ይገዙ ከደጋ ለሥራ ወርዶ በዚያው የቀረ ነው፤ ያዮ አዋሽ አርባ ተወልዶ ያደገ አፋር። ቬንትሌተሩ እንደ ሰው አንገቱን እያዞረ አንዴ ይህን አንዴ ያን ሲያቀዘቅዝ፣ ነፋሱ ለማን እንዳደላ እየተከራከሩ ይሳሳቁ ነበር።

ያዮ ከመንገድ የመጣን ሰው የሚቀበለው እንደ አባቶቹ ነው። እጁን ይዞ ይስማል፣ ጥላ ፈልጎ ያስቀምጠዋል፣ ከዚያ ይጠይቀዋል። ከየት ተነሣህ? ማንን አገኘህ? ዝናቡ የት ጣለ? ወንዙ ሞላ ወይስ ጎደለ? ማን ታመመ፣ ማን ዳነ? ተጠያቂው ያየውን አየሁ፣ የሰማውን ሰማሁ እያለ ለይቶ ይናገራል። አፋሮች ዳጉ ይሉታል። የሰማ ሰው ደግሞ ቀጥሎ ላገኘው ይነግራል፤ ያም ለሌላው።

ይገዙ አገሩን ገና ሲለምድ ያስገረመው ፍጥነቱ ነበር። ጠዋት ሎግያ አጠገብ የተገለበጠ ተሳቢ፣ ኔትወርክ በሌለበት ቀን እንኳ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ አዋሽ ላይ ይወራል፤ ያውም ረዳቱ የትኛው እጁ እንደተጎዳ ሳይቀር። ቆይቶ ግን ከፍጥነቱ ይበልጥ ጥራቱ አስደነቀው። እሱ ባደገበት መንደር ወሬ ቤት በቀየረ ቁጥር ጨው ይጨመርበታል። ይሄኛው ያን ሁሉ በረሃ አቋርጦ፣ በስንት አፍ አልፎ፣ ከምንጩ እንደተቀዳ ይደርሳል። አዋሽ ራሱ ባሕር ሳይደርስ በረሃ ውስጥ የሚጠፋ ወንዝ ነው። ወሬው ግን አይጠፋም።

ያዮ የሚያዳምጠው አንገቱን ደፍቶ ነው። ወሬው ያለቀ ሲመስል ቀና ሳይል “ሌላስ?” ይላል። ሰውየው “ሌላ የለም” እስኪለው ድረስ እጁን አይለቅም።

ነገሩ የተበላሸው በአንድ የሚያዝያ ቀን ነው። ይገዙ የወሩን ሪፖርት ይዞ ሰመራ ዋናው መሥሪያ ቤት ሄዶ ነበር። የሰው ሀብት ዳይሬክተሩ አቶ ተገኘ ወንበር ሰጡትና ጥሩ ዜና አለ አሉት። የሰመራ ዩኒቨርሲቲ በሰው ሀብት ሥራ አመራር ለሁለተኛ ዲግሪ የሚማር አንድ ሰው እንዲልኩ ቦታ ሰጥቷቸዋል፤ የሚመረጠው ደመወዙ ሳይቋረጥ ከሥራ ነጻ ሆኖ ይማራል። የአዋሽ ስልክ ተቋርጦ ስለ ሰነበተ ለቅርንጫፉ ሠራተኞች እንዲነግርላቸው አደራ አሉት። የሚፈልግ ሁሉ እስከ ዓርብ ስሙን ይላክ።

ይገዙ የራሱን ስም እዚያው አስመዘገበ። ይህ ጥፋት አልነበረም፤ መብቱ ነው። ነገር ግን ከሕንጻው ወጥቶ የሰመራ ነፋስ ከጥቁሩ ድንጋይ ላይ እሳቱን እያፈሰ ፊቱን ሲገርፈው፣ ያሰበው ያዮን ነበር። ያዮ ማስተርሱን በገዛ አገሩ ላይ የመማር ምኞቱን ያልነገረው ሰው የለም። በአገልግሎትም በሥራ አፈጻጸም ውጤትም ይገዙን ይበልጠዋል። ስሙን ከላከ ቦታው የእሱ ነው።

በአውቶቡስ ሲመለስ፣ ገዋኔ እስኪደርሱ ድረስ ሊነግረው ቆርጦ ነበር። ከገዋኔ በኋላ እነግረዋለሁ፣ ግን ነገ ይሁን አለ። አዋሽ አርባ ሲደርሱ ምንም ማሰብ አቆመና በመስኮት ፍየሎች ይመለከት ጀመር።

ያዮ ከኒሟ ሥር ተነሥቶ እጁን ስሞ አስቀመጠው። ይገዙ አንድም ሳያስቀር ተናገረ። ሚሌ ላይ አቧራ ነበር፤ አዳይቱ ዝናብ ጥሏል፤ ዱብቲ የሚወስደው መንገድ እየተጠገነ ነው፤ የአቶ ተገኘ ልጅ ተድራለች። አንደበቱ እንደዚያ ቀን ተፈትቶለት አያውቅም።

“ሌላስ?” አለ ያዮ።

“ሌላ የለም።”

ያዮ አመነ። ለምን አያምንም? ዳጉ ላይ የሚዋሽ ሰው አጋጥሞት አያውቅም።

የይገዙ መመረጥ ሲሰማ፣ ከላይ በድልድል የመጣ መስሎት ከማንም በፊት እንኳን ደስ ያለህ ያለው እሱ ነው። ዘንድሮ አንተ፣ በሚቀጥለው እኔ፣ ኢንሻአላህ፣ ብሎ ትከሻውን መታው። በሚቀጥለው ዓመት ግን ምንም ቦታ አልመጣም። የይገዙ ሥራ በያዮ ጠረጴዛ ላይ ተደረበ። የይገዙ ሚስት ሉሊት አዋሽ ስለቀረች፣ ያዮ ከእናቱ ቤት የግመል ወተት እያመጣ ይሰጣት ነበር። ሉሊት በስልክ ይህን ባወራችለት ቁጥር ይገዙ ወሬ ይቀይራል።

ትምህርቱ ሌላ ቅጣት ሆነበት። ሒሳብ ወይም አፈር ቢያጠና ኖሮ ምናልባት ይረሳው ይሆናል። እሱ ግን ቀን ከሌት የሚያነበው ሰው እንዴት በፍትሕ እንደሚመረጥ፣ ዕድል እንዴት ለሁሉም እኩል እንደሚደርስ ነው። የቅጥርና ምልመላን ኮርስ የምታስተምራቸው ዶክተር ራሄል አንድ ቀን ወደ ክፍሉ ዞራ እንዲህ አለች።

“ክፍት ቦታ መኖሩን ያልሰማ ሰው አልተወዳደረም አይባልም። እንዳይወዳደር ተደርጓል ነው የሚባለው።”

ይገዙ የሚጽፍበት እስክሪብቶ ቆመ። ቀጥላ እያንዳንዳቸው ከየመሥሪያ ቤታቸው አንድ ምሳሌ እንዲያመጡ ጠየቀች። ተራው ሲደርስ፣ ምን እንደነካው ሳያውቅ፣ “አንድ የማውቀው ሰው” ብሎ የራሱን ታሪክ ጀመረ። እስከ መጨረሻው ነገራቸው። ከዱብቲ እየተመላለሰች የምትማረው ሙሉሐረግ፣ ቀልድ የማታሳልፍ ሴት፣ ሰውየው አሁን የት እንዳለ ጠየቀችው።

“ይማራል” አለ ይገዙ።

“ምን?”

“ሰው ሀብት።”

“እሱስ ጎበዝ ነው” አለች፤ “የተግባር ልምምዱን ጨርሶ ነው የገባው።”

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ይገዙም አብሯቸው ሳቀ።

ለመመረቂያ ጽሑፉ የመረጠው ርዕስ በቅርንጫፍ መሥሪያ ቤቶች መረጃ ለሠራተኛው እንዴት እንደሚደርስ ነበር። ራሱን ለመቅጣት ይሁን ራሱን ለመደበቅ፣ ለምን ያን እንደ መረጠ እሱም አያውቅም። መጠይቁን አዋሽ ላይ በየሠራተኛው ቤት እየዞረ ያስሞላለት፣ አማርኛ ለሚከብዳቸው በአፋርኛ ያስረዳለት ያዮ ነው። ሲጨርስም እኔም ከሥራው ብዙ ተማርኩ ብሎ አመሰገነው።

ጽሑፉን ዲፌንድ የሚያደርግበት ቀን ሲቃረብ አቶ ተገኘ አስጠርተው ስትመለስ የቅርንጫፉ የሰው ሀብት ኃላፊ ትሆናለህ አሉት። የያዮ አለቃ ማለት ነው። ይገዙ አመስግኖ ወጣ። የዚያን ቀን ምሳ አልበላም።

ያዮ ሰመራ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። አክስቱን ለሕክምና ዱብቲ ሆስፒታል አምጥቶ ነበርና፣ ወዳጄን ሳላይ አልመለስም ብሎ ሚኒባስ ተሳፍሮ መጣ። ፀሐይዋ በረድ ስትል አንዲት ሻይ ቤት ጥላ ሥር ተቀመጡ። ያዮ እጁን ስሞ፣ ይገዙ ሳይጠይቀው የራሱን ዳጉ ጀመረ። ሉሊት ደህና ናት፤ ትኩሳት ይዟት ነበር፣ አልሐምዱሊላህ ለቋታል። ወንዙ ሞልቷል። አዳይቱ መግቢያ ላይ ጨው የጫነ ተሳቢ ተገልብጧል፤ ሰው ግን አልሞተም። ከዚያ ድምፁን ሳይቀንስ፣ ባለፈው ወር የአንድ የጥበቃ ሠራተኛ ስም ከደመወዝ ዝርዝር ላይ ራሱ ዘሎ፣ ሰውየው ሊጠይቀው ሲመጣ ጭራሽ እንደ ተቆጣው፣ በኋላም ይቅርታ እንደ ጠየቀ ተናገረ።

ይገዙ ተገርሞ አየው። ማንም አልጠየቀውም። ሊያስቀረው ይችል ነበር። የሚያሳፍረውንም ከዝናቡና ከወንዙ እኩል አስቀምጦ ያልፋል፤ ወሬ ነውና።

ተራው የይገዙ ሆነ። ስለ ትምህርቱ፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ አዲሱ ሹመት ተናገረ። ያዮ አንገቱን ደፍቶ ሰማ።

“ሌላስ?”

“ሌላ አለ” አለ ይገዙ። ድምፁ የራሱ አልመሰለውም። “ይሄ የትምህርት ዕድል በድልድል አልመጣም። አቶ ተገኘ ለሁላችሁም ንገር ብለው ነበር። አንተን ከኒሟ ሥር ሳገኝህ አውቅ ነበር። ሌላ የለም አልኩህ።”

ያዮ ቀና አላለም። ሻዩን ገፋ አደረገ። ከዚያ መጠየቅ ጀመረ፤ ሲጠይቅም ስለ ሩቅ ሰው እንደሚጠይቅ ነበር። አቶ ተገኘ ይህን ሲሉ ሌላ ሰው ነበር? አልነበረም። ቀነ ገደቡ መቼ ነበር? ዓርብ። እኛ የተገናኘነው? ማክሰኞ። ለሉሊት ነግረሃታል? አልነገርኳትም። ሁሉንም ለቅሞ ሲጨርስ እጁን ለቀቀው።

“አሁን ምን ታደርጋለህ?” አለ ይገዙ።

“ምን አደርጋለሁ? ያገኘሁት ሰው ይጠይቀኛል። እነግረዋለሁ። ወላሂ አልጨምርብህም፤ አልቀንስልህምም።”

ተነሣና ወደ ዱብቲ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ገባ።

ይገዙ በማግሥቱ ጽሑፉን አቀረበ፤ አለፈ። ፈታኞቹ ጨብጠውት ሲወጡ በቀጥታ ወደ አቶ ተገኘ ቢሮ ሄደ። በሚቀጥለው ቀን የአዋሽን አውቶቡስ ተሳፈረ።

አዳይቱ ላይ ለምሳ ቆሙ። ጎሚስታው ረዲ፣ ለዓመታት በዚህ መንገድ ሲመላለስ የሚያውቀው ሰው፣ ከአንድ ግዙፍ ጎማ ላይ ቀና ብሎ በዓይኑ ፈለገው።

“የትምህርቱን ነገር ለጓደኛህ ሳትነግረው ቀረህ አሉ።”

“አዎ” አለ ይገዙ።

“ራስህ ነህ አሉ የነገርከው፣ በኋላ።”

“አዎ።”

ረዲ ራሱን ነቀነቀና ወደ ጎማው ተመለሰ። ይገዙ ቆሞ ቀረ። በሁለት ቀን፣ በስንቱ ሾፌርና ረዳት አፍ አልፎ፣ ነገሩ ምንም አልተጨመረበትም። እንዲያውም እሱ ራሱ ያልገመታት ያቺ ትንሽ እውነት፣ ራሱ መናገሩ፣ ሳትወድቅ አብራ ተጉዛለች። ስድብ ቢጠብቀው ይቀለው ነበር። ገዋኔ ላይም ያው ቃል ጠበቀው፤ አዋሽ አርባም እንዲሁ። ከአውቶቡሱ የቀደመ ጥፋቱን እየተከተለ ሄደ።

አዋሽ ሲወርድ ከኒሟ ሥር ማንም አልነበረም።

ቤት ሲገባ ሉሊት በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሻንጣውን አልተቀበለችውም። ከውሃ ቀጂዎቹ እንደ ሰማች ነገረችው። “ያን ሁሉ ወተት ስጠጣ ዝም አልከኝ” ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

ሰኞ ጠዋት ቢሮ ገባ። ያዮ በጠረጴዛው ላይ አጎንብሶ ይጽፋል። “ደህና አደርክ” አለው፤ ማንኛውም የቢሮ ሰው ማንኛውንም ሰው እንደሚለው። እጁን አልዘረጋም። ከየት ተነሣህ አላለውም። ይገዙ በዚያ ክፍል ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እንግዳ ሆነ። ወሬ የማይጠየቅ ሰው ምን ያህል ብቻውን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባው።

መቀመጥ አቃተው። ቆሞ፣ ሳይጠየቅ ጀመረ።

ከሰመራ ተነሣሁ አለ። ጽሑፉን አለፍኩ። አቶ ተገኘ ዘንድ ገብቼ ያደረግኩትን ነገርኳቸው፤ ተቆጡ፤ ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ይደርስሃል አሉኝ። የኃላፊነቱን ቦታ ለያዮ ይስጡልኝ ብላቸው ደግሞ ባሰባቸው፤ አንተ የምትሰጠው ቦታ አይደለም፣ ማስታወቂያ ወጥቶ ይወዳደሩበታል አሉ። አዳይቱ ረዲን አገኘሁት፤ ሰምቷል። ሉሊት ሰምታለች፤ አታናግረኝም።

የያዮ እስክሪብቶ አሁንም ይጽፋል።

“የቅርንጫፉ የሰው ሀብት ኃላፊ ቦታ ክፍት ነው” አለ ይገዙ፤ ቃሉን እንዳይሰብር እየተጠነቀቀ። “ልምድም ይቆጠራል ብለዋል። የሚፈልግ ሁሉ እስከ ዓርብ ይመዝገብ። እኔ አልመዘገብም።”

እስክሪብቶው ቆመ። ቬንትሌተሩ ዞሮ የያዮን ወረቀት አንቀሳቀሰ፤ ተመልሶ የይገዙን ላብ ነካ፤ እንደገና ዞረ። ያዮ አንገቱን እንደ ደፋ ነበር።

“ሌላስ?”

ይገዙ የለም ሊል አፉን ከፈተ። ከዚያ አንድ ነገር፣ ሰመራ ላይ ለያዮም፣ ለአቶ ተገኘም፣ ለራሱም ያላወጣው ነገር ታወሰው።

“አለ” አለ። “ያን ቀን፣ አምነኸኝ እጄን ስትለቅ፣ አልከፋኝም። ደስ ብሎኝ ነበር።”

ያዮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየው። ከዚያ በእግሩ ወንበሩን ወደ ይገዙ ገፋለት።

“ተቀመጥ” አለው።