ክሩ ከመበጠሱ በፊት

አገርነሽ በታሪክ ፈተና ከሃያው አራት ብቻ አገኘች። ጥያቄው አንድ ነበር፤ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መንስኤ ምንድን ነው? እሷ አምስት ገጽ ጽፋለች። ይህን ትምህርት ካላለፈች ዘንድሮም ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አትመዘገብም። ምዝገባው ሁለት ዓመት አምልጧታል፤ ዕድሜዋ አርባ ስምንት ነው።

ዱርቤቴ ተወልዳ፣ ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ክር ስታስፈትል ሃያ ስድስት ዓመት ሆኗታል። ቅዳሜና እሁድ ሐይቁ ዳር ባለ ትምህርት ቤት ትማራለች። ፋብሪካው ውስጥ ማሽን በቆመ ቁጥር መዝገብ ይሞላል። «ክር ተበጠሰ» ብሎ የተወ ሠራተኛ አገርነሽ ዘንድ አያልፍም። ክሩ የተበጠሰው እንዝርቱ ስለተንቀጠቀጠ ነው፤ እንዝርቱን ያንቀጠቀጠው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ማለቁ ነው፤ ኩሽኔታውን የጨረሰው ግራሶ ሳይቀባ መክረሙ ነው። ፈተናውንም የጻፈችው እንዲሁ ነበር፤ ጦርነቱ ከመነሣቱ አርባ ዓመት ቀድማ፣ ከ1863 ዓ.ም. ጀምራ።

«እትዬ አገርነሽ አልጋ ወራሹን የገደለው ሽጉጥ ጋ ሳትደርስ ደወል ተደወለባት!» አለች አብራት የምትማረው ኪዲ ከኋላ ወንበር። ክፍሉ ሳቀ።

መምህሩ ቴዎ፣ የልጇ እኩያ፣ ሌሎቹ ሲወጡ አስቀራት።

«እትዬ፣ የኦስትሪያው አልጋ ወራሽ የታሉ? አምስት ገጽ ሙሉ ማንም አልገደላቸውም።»

«እሳቸው ክሩ ናቸው። የተበጠሰ ክርማ ማንም ያያል። እኔ የጻፍሁት ኩሽኔታውን ነው። ፈረንሳይ ግዛቷን ተነጥቃ አርባ ዓመት ቂም ቋጠረች። አንዱ የጦር መርከብ ሲሠራ ሌላው አይቶ ጨመረ። ሁሉም ከወዳጁ ጋር ተማማለ። ያ ጥይት ባይተኮስ ሌላ ይተኮስ ነበር።»

«ጥሩ ነው። ግድያውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጨምሩልኝና ላሳልፍዎት። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ከግድያው እስከ ጦርነቱ አንድ ወር አለ። በዚያ ወር ማሽኑን የሚያቆም ሰው አልነበረም?»

አገርነሽ የራሷ መዝገብ ትዝ አላት።

የፋብሪካው መዝገብ ሦስተኛ ዓምድ አለው፤ «እያወቀ ያላቆመው ማን ነው?» ይላል። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ያስጨመረችው እሷ ናት። ከዚያ በፊት አንድ ቀን ኩሽኔታው ሲጮህ ሰምታ፣ የዕለቱ ምርት እስኪሞላ ብላ ማሽኑን አላጠፋችም። የባልደረባዋ የወለተ ኪዳን ሁለት ጣቶች በማሽኑ ተቆረጡ። በዓምዱ ላይ የመጀመሪያው ስም «አገርነሽ» ነው።

«ነጥቡን አልፈልግም» አለች።

«እኔ እኮ ልሰጥዎ ነው!»

«ያላቆሙት ሰዎች የጎደሉበትን መዝገብ አልፈርምም። ነገ እንደገና ፈትነኝ፣ መምህር።»

«ቢወድቁስ» አላላትም። ፊቷን አይቶ ተወው።

እሁድ ጠዋት ከባዶው ክፍል ፊተኛ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሽጉጡን በመጀመሪያው መስመር ጨረሰችው። ቂሙን፣ መርከቡንና መሐላውን በአንድ ገጽ አሳጠረች። ሁለተኛውን ገጽ ለሰዎቹ ሰጠች፦ ውጤቱን ሳያመዛዝን የኦስትሪያውን ንጉሥ «ከጎንህ ነኝ» ላለው ንጉሥ፣ እንደማይፈጸም እያወቀ ማስጠንቀቂያ ለላከው ሚኒስትር፣ ወታደር የጫነ ባቡር አንዴ ከተነሣ አይመለስም ላለው ጄኔራል። ደወሉ ሳይደወል እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

ቴዎ እዚያው አርሞ አሥራ ስድስት ሰጣት። አራቱን የቀነሰው ሁለት ዓመተ ምሕረት ስለተሳሳተች ነው። አገርነሽ ትክክለኛዎቹን ደብተሯ ላይ ገለበጠች፤ ሰኞ ፈረቃዋ ሳይጀምር ሄዳ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ተመዘገበች።